ቁልፍ

የዱካሞ እናት፣ ትናንት የተቆጣሽው፣
ደብተሩ ባዶ ነው ያልሽው፣
እውነትሽን ነው። ባዶ ነው።
ከአሞራ ገደል የዓሣ ጥብስ ትርፍሽ ቀንሰሽ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከፍለሽ፣
አንዲት «ሀ» አላየሽም፤ ጭቃ ብቻ ነው ከካልሲው ያጠብሽ።
«የጎረቤቴ ልጅ ‹ቀ› ደርሷል፤ ጭቃማ እደጄ ሞልቷል» አልሽ።

መስከረም ላይ ሲመጣ ግን፣ ትዝ ይልሻል? እርሳስ ሰጠሁትና
በመዳፉ ጨበጠው፣ እንደ ዘነዘና፤
ወረቀቱን ወጋው፣ ቀደደው፣ አለቀሰና
ከጠረጴዛ ሥር ገባ።
እኔም ገባሁ፣ ቀሚሴን ምስማር እየሳበ።
እጁን ዘርግቼ አየሁት።
አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባል የለ? የእሱ እኩል ነበሩ፤
አንዱን ባጥፈው ሁሉም ይታጠፋሉ፤ ለየብቻ መኖር አልጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ የዋልነው ይኸው፦
ጠዋት ጭቃ። እንደ እባብ ማርዘም፣ እንደ አተር ማድቦልቦል፣
ከተዘረጋ ሲባጎ ላይ የልብስ መቆንጠጫ መንቀል፣
ሽንብራ አንድ በአንድ እያነሱ ከጣሳ ጣሳ ማመላለስ፣
በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ።
(ሌባ ጣቱ ስሙን ያገኘው ያን ቀን ነው፤ ሁለት ሽንብራ ለአፉ ሰረቀ፤
አየሁ፤ ዝም አልኩ፤ ምን ልበለው፣ አያያዙን አወቀ።)
የመቀሱን ነገር ተዪው፤ የሔርሜላ ጠጉር ይብቀልና እነግርሻለሁ።

ግቢው ውስጥ በኖራ መስመር አሰመርኩ፤ በአንድ እግር ቆምን።
የሐዋሳ አባ ኮዳ አጥር ላይ፣ እሱም በአንድ እግሩ፣ ንቅንቅ አላለም።
«እሱን ማን አስተማረው?» አለኝ ዱካሞ፣ ወደቀም።
ተነሳ። እኔ እስከ ዛሬ መልሱን አላወቅሁም።

ትናንት ስትቆጪኝ፣ ባጃጁ ከበር ጥሩምባ ሲነፋብሽ፣
ልጅሽ ሹራቡን ለብሶ ቆሞ ነበር ከኋላሽ።
ካልሽኝ ግማሹን አልሰማሁም፤ ይቅርታ፣ እሱን እያየሁ ነበር፤
ምላሱን አውጥቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ተክሎ፣ ቁልፍ ከቀዳዳ ሲያነጋግር፤
ገፋ። አመለጠው። ገፋ።
አንዱ ገባ።
ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው። ለአራተኛው ቀዳዳ ጠፋ፤
ከታች አንድ ዘሎ ነበርና፣ አንገትጌው በግራ ወረደ፣ በቀኝ ከፍ አለ።
አንቺ ዞር አልሽ። እጅሽ ፈጥኖ ፈታው፣ ቆለፈው፣ አስተካከለ።
እሱም ዝም አለ።
በባጃጁ የኋላ መስኮት፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኝ።

ነገ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ቀስቅሺው።
ሹራቡን ስጪውና እጅሽን ከኋላሽ ያዢው።
ተጣሞም ቢመጣ ይምጣ፤ ባለ ባጃጁም ይጠብቅ፣ ከፈለገም ይሳቅ፤
ስንት በር ይጠብቀዋል፤ ቁልፉን ካሁኑ አንንጠቅ።

ደብተሩን ልኬልሻለሁ። ባዶ ነው፣ እንዳልሽው።
ሽፋኑን ግን ወደ ብርሃን ያዝ አድርጊው፤
የጭቃ አሻራ አለ፣ እንዳትጠርጊው፤
ሦስት ጣት ነው።
ሦስቱም ለየብቻ።