ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሽምብጥ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በሬን አንኳኳኸው፣
ባልዲ ሰማያዊ ቀለም ተሸክመህ፤
«ተነሽ፣ ግድግዳሽን ጣና ላደርገው ነው»
አልከኝ፣ አራት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ከርመህ።

እኔም ከፋብሪካ፣ ከማታው ፈረቃ፣
ጥጥ በጸጉሬ ይዤ ገና መግባቴ ነው፤
ብሩሹን ተቀበልሁ።
ሲነጋ ቤታችን እስከ ጣሪያው ውኃ፣
አልጋችን ታንኳ።
«ቅዘፊ» አልከኝ። ቀዘፍሁ፣
አከራይዋ እትዬ እንጉዳይ በደጅ እየጮኹ።

ቢያድግልኝ፣
የጀልባህን ሞተር ሸጠህ በአንድ ከሰዓት
አሥራ አንድ ጃንጥላ ይዘህ መጣህ በክረምት፤
«ዝናቡ አንቺን ብቻ ነው የሚፈልግ» ብለህ።
በማግስቱ ደግሞ፣ አባይ ድልድይ መግቢያ፣
የባጃጁን ልጅ «ደህና ዋል» ስላልሁት
ስልኬን ከእጄ ነጥቀህ ወንዙ ውስጥ ጣልኸው፤
«ጉማሬ ይደውልልሽ!»
ሳቅሁ። በጥፊ እስክትለኝ ሳቅሁ።
ከዚያ እኔም መታሁህ፣ በሰሐን፣ በጫማ፤
እኩል ነበርን፤ ይህን ማንም አይስማ።

ጥቅምት ገባ።
እንቦጭ ጣናን ሲውጥ መጀመሪያ አበባ፣
ወይን ጠጅ፣ ያምራል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሣበታል፤
ኋላ መቅዘፊያ አያስገባ።
አንተም ላይ እንዲያ በቀለ።
ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣
ዝንብ እጅህ ላይ ስትሄድ የማይገድህ።

እናትህ ጠበል አሉ። ሐኪሙ ኪኒን አለ፤
ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።
ዋጥህ። ተነሣህ። ወፈርህ።
በማኅበሩ ሱቅ ዓሣ መመዘን ያዝህ፤
«እንዴት አመሸሽ» ትለኝ ጀመር፣ እንደ ጎረቤት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ ጋቢህን ገለጥሁ፤
ትተነፍሳለህ። ሌላ ምንም።

ለንስሐ አባቴ ያልተናገርሁት፦
ኪኒንህን እኔ ነኝ የጣልሁት።
ከደንገሉ ሥር፣ አንድ በአንድ፣ ለቀረሶ እንደሚመግብ ሰው።
ያን የሚነደውን፣ ጃንጥላ የገዛውን፣
መልስልኝ አልሁት ውኃውን።

ውኃው ሰማ።
በሬ ተንኳኳ። ባልዲ አልያዝህም።
«ነይ፣ ደቅ ድረስ በእግር እንሂድ፤
እንቦጩ ይሸከመናል።»
ጫማዬን እንኳ አላደረግሁ።
እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ እጅ ለእጅ፤
ቀድሜ የለቀቅሁ እኔ ነኝ።

እትዬ እንጉዳይ ትናንት ኖራ ይዘው መጥተው ነበር።
አይቀባም አልኋቸው።