የፀጉር ማድረቂያ

ዴራ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ግድግዳችን ጂብሰም፤
ይርገዱ ስታነጥስ «ይማርሽ» ሳልል አልቀርም።
ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ስሠራ
የራሴ ገላ ቀረ፣ ያልተመለሰ አደራ።

ለገላዬ ደስታ በስልኬ ስመርጥ
መልክ አይደል፣ ዋጋ አይደል፤ ድምፁን ሳገላብጥ፣
«ጸጥተኛ» የሚለውን፣ ያንን ትንሹን ገዛሁ።

መጣልኝ ታሽጎ፤ ላዩ «ፀጉር ማድረቂያ»።
ብቻዬን ሳቅሁ ያን ለት፣ ለመጀመሪያ።

ትራስ ሥር አድርጌ፣ ኤሲውን ከፍቼ
አስነሳሁት፤ እንደ ንብ። አጠፋሁ ፈርቼ።
«ያንቺ ስልክ ነው?» አለች ይርገዱ ከማዶ።
«አዎ» አልኳት፣ ፊቴ እንደ ዴራ አስፋልት ነዶ።

ወር ሳይሞላ፣ ሌሊት፣ ከጂብሰሙ ወዲያ
ንብ ሰማሁ፤ መጣላት የሷም «ፀጉር ማድረቂያ»።

«ስልክሽ ነው?» አላልኳትም።
ኤሲውን ለሷ ብዬ አሥራ ስድስት አደረስሁ፤
ብርድ ልብሴን ስቤ እስካፍንጫዬ ለበስሁ።