ያገለገለ ዘይት

እናንተ ሚልዋኪን በፊት በሯ ታውቋታላችሁ፤
ቃጭሉ ሲያቃጭል፣ ወንበር ሲሳብላችሁ፣
አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ስሙን ሲነግራችሁ።
እኔ በጓሮ በር ነኝ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ቱቦ በትከሻዬ፣
በረዶው እንደ ብርጭቆ ሲሰበር ከጫማዬ፣
ያገለገለ ዘይት እሰበስባለሁ።
ሜኑ አላነብም፤ ክዳን ከፍቼ አሸታለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ማን ምን እንደጠበሰ አውቃለሁ።

የሚቸል መንገዱ ካዚሚር ዓሣ ነበር የሚጠብሰው።
ዓርብ ዓርብ ሰልፉ ማዕዘን ይዞርለታል፤
ማክሰኞ የቀየረው ዘይት ቅዳሜ ሬንጅ ይመስላል።
«ሌስተር» ይለኛል፣ «ዘይት እኮ እንደ ሚስት ነው፤
ሲያረጅ ነው ጠባይህን የሚለምደው።»
ዳኑታ ከውስጥ ትሰማዋለች፤
ጭልፋዋን ድስት ላይ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች።
በርሜሉ ክዳን ላይ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
ቁራሽ ዓሣ ይጠብቀኛል፣ ጨውና ሎሚ አዝሎ።
ስለሱ አንድም ቀን አላነሳንም፤ ምስጋናም አልነበረ።
አንድ ዓርብ ክዳኑ ባዶውን አደረ።
ጉልበቱ ከዳው፤ ልጁ አሪዞና ወሰደው፤
ዳኑታ ከዕቃው ሁሉ ጭልፋዋን ነው የያዘችው።

ከዚያ ፓ ንያ ሎር መጣች፣ ከሦስት እህቶቿ ጋር፤
ግድግዳው ከዓሣው ጠረን እስኪፋታ ፈጀ አንድ ወር።
የሷ ዘይት የማር መልክ አለው። በሻሽ ታጠልለዋለች፤
አንዲት የጎመን ፍርፋሪ ካየች «ይቅርታ» ትለኛለች።
እኔን! ቆሻሻ ወሳጁን! ማን ይቅርታ ይጠይቀኛል?
ያን ጠዋት ቱቦውን ስጠቀልል እጄ ቀስ ብሏል።

ስድስት ዓመት። ከዚያ መንገዱ ስም ወጣለት፤
ጋዜጣ ጻፈለት፣ የብስክሌት መስመር ተሰመረለት፣
ኪራዩ ሦስት እጥፍ ሆነ። ፓ ንያ ቁጭ ብላ ቆጠረች፣
በጣቶቿ፣ አንዴ፣ ደግማ፣ አሁንም ደገመች።
ጣቶቿ አለቁ፤ ኪራዩ አላለቀም።

ቀጥሎ ትሪስታን፣ ክንዱ ላይ ቀይ ሥር የተነቀሰ።
ሳህኑ የመኪና ጎማ፣ ምግቡ የሸሚዝ ቁልፍ፤
ቅጠል ጣል ያለበት አረፋ፣ ሳይጎርሱት የሚያልፍ።
ሰው ግን ጎረፈ፤ ከቺካጎ ድረስ ነዱለት፤
ከሦስት ወር በፊት ወንበር ያዙለት።
«እኛ አንጠብስም» አለኝ፣ በትሕትና፤
«በርሜሉን ብትወስደው፤ እዚህ ጋ አትክልት ልንተክል ነበርና።»
ክፉ ልጅ አልነበረም። በአሥራ አራት ወሩ ዘጋ።
አንድ ሌሊት ደረጃው ላይ አገኘሁት፣ ሊነጋጋ፣
ከነዳጅ ማደያ የገዛውን የድንች ጥብስ ሲበላ።
«ና» አለኝ። ተካፈልን።
ጨው በዝቶበት ነበር። ጥሩ ጨው።

ዘይቱ የት እንደሚሄድ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
ፋብሪካ ይገባል፣ ይጣራል፣ ነዳጅ ሆኖ ይወጣል፤
የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና ይጠጣዋል።
እና ጥር ላይ፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ከኋላው ስነዳ፣
ከጭሱ ውስጥ ካዚሚር ይሸተኛል። ዓርብ ይሸተኛል።
አንዳንዴም ትንሽ ጎመን፣ ሁለት ጊዜ የተጠለለ።
የተዘጋ ምግብ ቤት ሁሉ መንገድ ሲጠርግ ያድራል።
ኦዴል፣ ሚስቴ፣ «ጭስ እኮ ነው፣ ሌስተር» ትላለች።
እሺ። ጭስ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በዚያው ጓሮ፣ መብራት አየሁ።
መስኮቱ ጋዜጣ ለብሷል፤ ስም አልተጻፈም ገና።
በርሜሌ (ነገ እወስደዋለሁ ስል ከርሜ፣ ሰነፍኩና)
በረዶው ተጠርጎለት ቆሟል። ክዳኑን አነሳሁ።

ዓሣ አይደለም።
ጎመንም አይደለም።
ከላይ ጣፋጭ ነው፣ እንደ ተጠበሰ ሙዝ፤
ከሥሩ ደግሞ አንድ የሚያስነጥስ ነገር፣
ስሙ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ መጥቶ የሚመለስ።
ውስጥ ሰው ያፏጫል። ድስት ወደቀ። ሳቁ።
እኔ በረዶው ላይ፣ ክዳኑን እንደ ባርኔጣ ደረቴ ላይ ይዤ፣
ፓምፑን ማስነሳት ረስቼ
ደግሜ አሸተትኩ።