ያዘ

የማታ ክፍላችን፣ ሂርማታ፣ ከእህል መጋዘን በላይ ነው።
መምህር ሙዘይን ሰሌዳውን ጠርጎ፣
በኪሱ የቀረ ጠመኔ ፈልጎ፣
አንድ የእንግሊዝ ግስ ጻፈ።
«‘ጌት’ ማለት» አለን፣ «አገኘ፣ ደረሰ፣
ገባው፣ ገዛ፣ ሆነ፣ አንዳንዴም ለበሰ።»
ሳቅ ያዘን። የቆርቆሮው ጣራ
ከጅሬን በወረደ ዝናብ እያጓራ
የድምፁን እኩሌታ ወሰደው።
«እስቲ ካማርኛ፣ እንዲህ ያለው ማነው?»

«ያዘ» አልኩት፣ ተነሥቼ።
ወባ ያዘው። ፖሊስ ያዘው። ፍቅር ያዘው።
ሦስቱም ባንድ ክረምት የያዙት አውቃለሁ፤
የባጃጅ ሾፌር ነው፣ ስሙን እተዋለሁ።
ቡናው ፍሬ ያዘ፣ ጨርቁ ቀለም ያዘ፣
አዌቱ ዳር ጭቃው ጎማችንን ያዘ፤
ቂም የያዘ ጎረቤት፣ ቀጠሮ የያዘ ሽማግሌ፣
«ስልኩ ተይዟል» የምትል ሴት፣ ሁሌ።

ሙዘይን በጣቱ ቆጥሮ ዘጠኝ ላይ ተወው፤
«በቃ፣ ይኼ ግስ እጀ ረጅም ነው።»

አሥረኛውን ግን አልነገርኩትም።

ዘኪያ፣ የቆጪዋ፣ መጋቢት መባቻ፣
«ቦታ ያዝልኝ» አለችኝ፣ ለኔ ብቻ፣
እስክሪብቶዋን ሰጥታኝ፣ ስልኳ ሲጠራት ወጣች።
ሐምሌ ገባ። አልመጣችም።
አንዱ ተዳረች፣ አንዱ ዓረብ አገር ሄደች ይላል፤
እስክሪብቶዋ ግን እስካሁን ይጽፋል፤
ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው።

አዲስ ተማሪ ከጎኔ ወንበሩን ሲስብ፣
ደብተሬን ጣል አደርጋለሁ፣ ሳላስብ።
«ሰው አለው?» ይለኛል።
«ተይዟል» እላለሁ።
ቀና ብሎ ያያል፣
ወንበሩን ሳይሆን እኔን።