ሁለት እጥፍ ካርቶን

ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ በቸርችል ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት፣
መንገዱ ራሱ ሰውን ገፍቶ የሚያወርድበት፣
ከግንቡ ጥግ፣ ከዛፉ ሥር፣ ዘብዴዎስ ቁጭ ብሏል፤
ከፊቱ አንዲት ሚዛን፣ መስታወቷ ተሰንጥቋል።
«ይመዘኑ ጋሼ» ይላል፣ ከደብተሩ ሳይቀና፤
አምስት ብር ነው፣ ኪሎን ማወቅ ርካሽ ነገር ነውና።

እኔ ኪሎዬን አውቀዋለሁ።
አምና ስንት እንደ ነበረ፣ ዘንድሮ ስንት እንደ ቀረ፣
ስጽፈው ስሰርዘው ነው ዓመቴ የተቆጠረ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እኔ፤ ገቢና ወጪ ማስታረቅ፣
በሃያ ሳንቲም ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ መጨነቅ፤
የሰው መዝገብ ግራና ቀኝ፣ አንድ ቀን ሳይዛነፍብኝ፣
የራሴን ገጽ ስገልጠው ግን፣ ድምሩ አልመጣ አለኝ።

አምናማ፣
ቀን ለመድን ድርጅቱ፣ ማታ ለሰው ሱቅ መዝገብ፣
እኩለ ሌሊት ደግሞ በቁርጥና በድራፍት ስጠግብ፣
ልጄ ሐመልማል ተኝታ ወጥቼ፣ ተኝታ ስመለስ፣
የወለቀ የወተት ጥርሷ፣ ሳላየው በቅሎ ሲመለስ፣
አንድ ቀን ደረጃ ላይ ደረቴን ይዤ ቁጭ አልኩኝ፤
ሐኪሙ ወረቀት አየ፣ ቀና ብሎ ገላመጠኝ።
«ቀንስ» አለኝ። አንድ ቃል። እኔ ግን አልፌው ሄድኩ፤
ቀንስ ሲባል ስኳርም፣ ጨውም፣ ወዳጅም ቀነስኩ።

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነሥቼ ጃንሜዳ፣
ውሻ ሲከተለኝ ደስ ይለኛል፣ ፍጥነቴን ስለሚረዳ፤
ለቅሶ ቤት ንፍሮ ስቆጥር፣ ሠርግ ላይ ካሮት ስቆረጥም፣
«ና አብረን እንብላ» ላለኝ ጊዜም ሆድም አልነበረኝም።

ፀዳለ አንድ ማታ፣ ሳህኔን ይዛ ስትመጣ፣
«ጨው ከወጡ ይውጣ፣ እሺ፤ ከአንተ ውስጥ ምነው ወጣ?»
አለችኝ።
መልስ አልነበረኝም። ካሮቴን አኘክሁ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ካፊያው አባርቶ ሳለ፣
የዘብዴዎስ ሚዛን ላይ እግሬ እንደ ልማዱ ዋለ።
«ቆይ!» አለኝ። ደብተሩን ዘግቶ፣ በአንድ ዓይኑ መሬቱን አየ፤
ከአሮጌ የጫማ ካርቶን አንድ ቁራጭ በጥርሱ ለየ፤
ሁለት እጥፍ አድርጎ ከታችኛው በኩል ወሸቀ፤
ዘመም ያለው ጎኗ ቀና ብሎ ተጠነቀቀ።
መርፌዋ ተወዛወዘች፤ ወዲያ... ወዲህ... ሄዳ መጣች፤
አልቆመችም በእውነቱ፣ ብቻ መንቀጥቀጥ ቀነሰች።

«ጠዋት አስተካክላታለሁ፣ ከሰዓት ዘማ ትገኛለች፤
ሰው ሲበዛ ካርቶኗ ትሳሳለች፤ ዝናብ ከመጣማ፣ አለቀች።»
«ሜዳ ቦታ አትቀመጥም?» አልኩት። ሳቀብኝ ልጁ፤
«ሜዳ ላይ ማን ይቆማል?» አለ፣ ዳገቱን እያሳየ በእጁ፤
«እዚህ ነው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ቆም ብሎ እግሩን የሚያየው።»
ቁጥሬን አላነበብኩትም፤ ጫማዬን ነበር የማየው።

ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁ፤ አንዱን ለእርሱ፣ አንዱን ለእኔ፤
ዘይቱ ጣቴን አወዛው፤
ኪሴ ውስጥ ካሮቱ አለ፣ ዝም ብሎ ከጎኔ።

ነገም ጃንሜዳ እሄዳለሁ፤ ግን ጎህ ከቀደደ በኋላ፣
ሐመልማል ለትምህርት ስትነሣ፣ አብሬአት አንድ ቁራሽ ልበላ።
ይሄ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ እኔም እንጃ፣ አላውቀውም፤
የዛሬን ነው የማወራው፤ ለወሩ አልፈርምም።

ማታ የጨው ዕቃውን አነሣሁ፤ መልሼ አኖርኩት፤
እንደገና አነሣሁት። በሁለት ጣቴ ቆነጠርኩት፤
ፀዳለ ከማዶ ሆና፣ ሳቋን በእጇ ሸሸገች።
ውጭ ዝናቡ ጀመረ።
የልጁ ካርቶን፣ አልኩ በልቤ፣ አለቀች።