በጭራሽ

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጌንት ጭጋግ ለብሳ፣
የመብራት ሂሳቡ እንደ ጉንፋን በየደጁ ሲነሣ፣
አንዲት አሮጊት ገባች፣ ከትራም ወርዳ፣ ዝናብ መትቷት፣
ኮምፒውተሯን በሻርፕ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ድመት አቅፋ በደረት።

«ሆደሊቭ» አለችኝ። ካርዱ ላይ ባገሬ ፊደል ስጽፈው
ስሙ ግማሽ ላይ ቆመብኝ፤
ሆደ ሰፊ ትሁን ሆደ ባሻ፣ በአንድ እይታ ማን ይለየው?
«ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ሂሳቡን ልጄ ነው ያየው፤
‹እማዬ፣ ኤሌክትሪክ ትጠጫለሽ› ብሎ ተቆጣኝ፣ ከአንትወርፕ መጥቶ ባለፈው።»

ከፈትሁት። የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ ከማራገቢያው ሥር፣
ከአቧራው መሐል የብስኩት ፍርፋሪ፣ የቢጫ ድመት ጠጉር።
በብሩሽ ጠረግሁ፣ በአየር ነፋሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግሁ፤
ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ እንደ ጥብቅ ሞግዚት ሕግ አወጣሁ፦

ማያ ገጹ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጥፋ።
ዲስኩም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይረፍ፣ በከንቱ አይልፋ።
ብርሃኑ ከመቶ ሠላሳ ይሁን።
ክዳኑ ባይዘጋም ይተኛ፤ ማንን ሊጠብቅ ነው ሌሊቱን?
«ኃይል ቆጣቢ» የምትለዋን አረንጓዴ ቅጠል ተጫንሁና
የአንዲት አሮጊት ኪስ ያዳንሁ መሰለኝ፤ ኮራሁ እንደ ጀግና።

ሃያ አምስት ዩሮ ከፈለች፣ ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጥራ፤
ሄደች፣ ሻርፗን አጥብቃ፣ በቁጥር አንድ ትራም ተሳፍራ።

በአራተኛው ቀን ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል፣ እንቅልፍ አጥቶ።
«አበላሸኸው» አለችኝ፣ ጣቷ ጠረጴዛዬን መትቶ።
አየሁት፤ ይሠራል፤ አይሞቅም፣ አይጮኽም።
«ምኑ ተበላሸ? እንዲህ ጸጥ ያለ ዕቃ በዚህ ሠፈር የለም!»
«እሱ ነው» አለች። «ጸጥታው።»

ከዚያ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቁልፍ ቁልፉን እየነካካች፣ ነገረችኝ፦
ባሏ ዮሪስ አርባ ዓመት አንኮራፋ።
አርባ ዓመት በክርኗ ጎሸመችው፣ እንቅልፏን ቢያጠፋ፤
«ዝም በል» አለችው፣ በየሌሊቱ፣ ትራስ እየወረወረች።
አንድ የጥር ሌሊት ታዘዛት።
ለሦስት ወር ጣራ ስታይ አደረች።
ኋላ ግን ኮምፒውተሩ፣ ከራስጌዋ፣ አቧራ ጠግቦ ሲያቃስት
እንቅልፍ መጣላት፤ ክርኗም ሳይቀር ተንቀሳቀሰ፣ እንደ ልማዱ፣ በስህተት።

እኔ ነኝ እንቅልፏን ነጥቄ ለዕቃ የሰጠሁት!
አሥር ደቂቃ ይጠብቃል፣ ይተኛል፤ እሷ ትነቃለች፣ እስኪነጋ ሰማዩ ላይ ያለው ፅልመት።

ዝርዝሩን ከፈትሁ። አምስት ደቂቃ፤ አሥር፤ ሠላሳ፤ አንድ ሰዓት፤
ከሁሉም ግርጌ፣ ማንም ከማይደርስበት፣ «በጭራሽ» አለ፤ ጫንሁት።
አቧራውን ግን ከየት ላምጣው? ጠርጌ ጥያለሁ።
ከጓዳ የውዳቂ ሣጥን አወጣሁ፤ አሮጌ ማራገቢያ በየተራ ገጥሜ አስነሣሁ።
«ይቺ ታፏጫለች። ዮሪስ አያፏጭም።»
«ይቺ ደግሞ የቸኮለች ትመስላለች። እሱ ለምንም አይቸኩልም።»
ስድስተኛዋ፣ ክንፏ የተሸረፈ፣ ከትምህርት ቤት ማሽን የተነቀለች፣
ትንሽ ትዞርና ትንፋሽ ታጥራለች፣ ያለቀላት መስላ፣ ደግሞ ትቀጥላለች፤
ሆደሊቭ እዚያው ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሂሳቡስ?» አልኋት፣ ስትነቃ። «የፍሪጁን አምፖል እነቅላለሁ፤
ወተቴን በዳበሳ አገኘዋለሁ።»

ከወጣች በኋላ ካርዱን ሞላሁ። ቀን፤ የደንበኛ ስም፤ የዕቃው ዓይነት።
«የተገኘው ብልሽት» በሚለው መስመር ላይ ብዙ ቆየሁበት።
ጻፍሁ፦ ጸጥታ።