አንግሩፕ ባሌስትራ ሲቀንስ

ከጦሩ ጨረታ ላይ በርካሽ የገዛት፣
አረንጓዴ ቀለሟ የተላላጠባት፣
ጂፕሲ ትባላለች። ከፍየል ብዙም አትበልጥም፤
ፍየል የወጣችበት ዳገት እሷንም አያቅታትም።

የወንድሜ ጋራዥ፣ ካዛ ከተማ ዳር፣
ሦስት ግንብ ነው ያለው፤ አራተኛው አየር።

በመጀመሪያው ዓመት ድንጋይ ሆዷን ላጠው፣
የበረዶው ወንዝ በወለሏ ገብቶ ጫማችንን ዋጠው።
«ከፍ ትበል» አለና ክሪኩን አቆመ፣
ከሞተ ታታ ላይ ባሌስትራ ለቀመ፤
በአምስቱ ቅጠል ላይ ሁለት ሌላ ጨምሮ፣
አሞርዛተሩን በረጅም ቀይሮ፣
ከዳዶው ጋር ሌሊት በቺያቬ ታግሎ፣
ጧት አወጣት ከደጅ፣ ደረቷን አቅንቶ፣ ጅራቷን ሰቅሎ።

ሰው መጥቶ አደነቀ፤ ጎረቤት ከበበ፤
አንድ የተማሪ ልጅ በሆዷ ሥር ሾልኮ፣ ወጥቶ አጨበጨበ።

ድንጋዩን አለፈች። ወንዙንም አለፈች።
እኛን ግን ገደለች።

መንገድ ላይ ያለውን ጠጠር አንድ ሳታስቀር፣
ለወገባችን ነገረች፣ ቃል በቃል፣ ያለ ምስጢር።

ነርሷ ዴቼን አለች፤ በሳምንት አንዴ ኪበር የምትወጣው፣
የክትባት ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን አቅፋው።
ደርሳ ስትከፍተው፣ ከሠላሳው ብልቃጥ ዘጠኙ ደቅቋል።
አልተቆጣችም። ቅጹን አውጥታ ሞላች፤
«ምክንያት» በሚለው ፊት «መንገዱ ነው» አለች።
አንግሩፕ አንገቱን ደፋ። መንገዱ እንዳልሆነ እሱ ያውቃል።

ደግሞ አባታችን፣ ኩላሊቱን ታሞ፣
ከላንግዛ ወደ ሐኪም ስናወርደው፣ ከመንገድ አጋማሽ በሩን ከፍቶ ቆሞ፣
«ያክ አምጡልኝ» አለ። «ያክ ሲረግጥ ያስባል፤
ይሄ የናንተ ብረት ሳያይ ነው የሚዘል።»

እዚያው መታጠፊያ ላይ ቀኝ ጎማ ተንጠልጥሎ፣
አየር ሲቆፍር ቆየ፣ መሬቱን ችላ ብሎ።

የብርዱ ወር መጣ፤ ኩንዙም ተዘጋ።
እኔ ፋኖስ ያዝኩኝ፤ እሱ ከሆዷ ሥር በጀርባው ተዘረጋ።
ቡሎኑን ሲፈታ፣ ሰባቱ ቅጠሎች አልላቀቅ አሉ፤
ዝገት አጣብቋቸው፣ አንድ ግትር ብረት ሆነው ነው የዋሉ።
«አየህ?» አለኝ፣ አፉ ውስጥ ዳዶ እንደያዘ፤
«አንዱ በአንዱ ላይ ካልተንሸራተተ፣
ባሌስትራ አይደለም ይሄ። ድልድይ ነው፣ የሞተ።»

በሽቦ ብሩሽ ፋቃቸው። ግራሶ ቀባቸው።
አንዱን አስቀረና ስድስቱን መለሳቸው።
ከዚያ ለፈተናው፣ እናቴ ከጋኑ
ቻንግ ቀዳችለት፣ የገብስ ጠላችንን፣ ሞልታ እስከ ክዳኑ፤
የእንጨቱን ጽዋ ወለል ላይ አኑሮ፣
እስከ ወፍጮው ነድቶ፣ መጣ ተሽከርክሮ።
ግማሹ ፈሷል።
የተረፈውን ጠጣው፤ ቅጠል አወጣ ሌላ።
እንደገና ሞላች፤ እንደገና ነዳ፤ ሩብ ፈሰሰ ጠላ።
የተረፈውን ጠጣው።
አምስተኛው ዙር ላይ መኪናዋ ረጋች፤
ነጂው ነው የተናጠ። እናቴም ሳቀች፤
«ጽዋው ደህና ነው፤ አንተን ምን እናድርግህ?» አለች።

በማግስቱ፣ ራሱን በሻሽ አስሮ፣
ማንጠልጠያውን ብቻ በረጅም ቀይሮ፣
ከአራት ቅጠል ጋር አሰራት።
ከበፊቱ ሁለት ጣት ዝቅ አለች። ድንጋይ አሁንም አልፎ አልፎ ይልሳት፤
እሱም ለሆዷ ላሜራ በየደላት።

በጸደይ ላይ ዴቼን ሣጥኗን ከፈተች።
አንድ ብልቃጥ ተሰብሯል። አንግሩፕ ጎንበስ አለ፤
«ምክንያት» በሚለው ፊት ቀስ ብላ ጻፈች፦
«እኔ ነኝ። ስወርድ ከጄ ነው የወደቀ።»

አባታችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ አላመሰገነም።
ከፊት ወንበር ወጣ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣
«ከያክ አትበልጥም» ብሎ በቁጣ ተናገረ፤
ያች መታጠፊያ ላይ፣ ቀኙ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ፣ ግራው አለት ሲወጣ፣
አራቱም በየፊናቸው መሬቱን ሲይዙት፣
አላየም።
አፉን ከፍቶ ተኝቷል።